በአንድ ቤት ሁለት ሰዓት

በቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛውን የገዙት ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ነው፤ እርሱም በእኛ አቆጣጠር ይሄዳል። ሁለተኛውን የሰቀለው አብሮኝ የሚኖረው ታላቁ የልጅ ልጄ ነው፤ ይኸኛው ሴት ልጄ ከባሏና ከልጇ ጋር የምትኖርበትን የዋሽንግተንን ሰዓት ያመለክታል። እንግዳ በመጣ ቍጥር «እማማ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም «ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚሳሳተው የሚያያቸው ሰው ነው» እላለሁ። ይህንንም የምናገረው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓይኔ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነበር። በወረቀቱ ላይ 3 ሰዓት የሚል አየሁና ጧት በ3 ሰዓት ነጠላዬን ለብሼ ከስፍራው ተገኘሁ። የተጻፈው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ኖሮ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። እነሆ 6 ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ። ደግነቱ ብቻዬን አልነበርሁም፤ እንደ እኔው የተሳሳቱ አንዲት እናት ከአጠገቤ ነበሩና የልጆቻችንን ሠርግ ከነምራቶቻችን አመል አንድ በአንድ ስናነሣ ዋልን። በመጨረሻ ስማችን ሲጠራ፣ ጨዋታው ስላላለቀ «ጥቂት ይታገሡን» ልንል ምንም አልቀረንም።

የልጅ ልጆቼ «የእኛ አቆጣጠር ስለ ምን ይለያል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ አያስቸግረኝም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ ክረምትም ሆነ በጋ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፤ ብዙም ሳትርቅ ትገባለች። እንግዲህ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱንም ከምሽት ጀምሮ መቍጠር ለገበሬውም ለቤት እመቤቲቱም የሚስማማ ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት 1 ሰዓት እንላለን፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ልጄ ባለችበት አገር ግን ፀሐይ በብርድ ወራት አርፍዳ፣ በሙቀት ወራትም ማልዳ ስለምትወጣ ሰዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳሉ። ስለዚህ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጊዜ 7፣ አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ይሆናል። ፀሐይዋ ረፈደች ብሎ ሰዓቱን መግፋት ለእኔ፣ ሊጡ አልቦካ ሲል ምጣዱን እንደ መቈጣት ያለ ነገር ይመስለኛል።

በቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በ10 ሰዓት ቡና አፍልተን ልጄን በስልክ እናገኛታለን። በዚያ አገር ያን ጊዜ ጧት ነውና እርሷም ሲኒዋን ይዛ ከስልኩ መስተዋት ውስጥ ብቅ ትላለች። አንድ ዓመት ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሊገባ ሲል ግን አቦል ተጠጣ፤ ቶናም ተጠጣ፤ ስልኩ ዝም አለ። እኔ ክፉ ክፉውን ሳስብ ቈይቼ፣ በ11 ሰዓት በረካው ሊቀዳ ሲል ጮኸ። ለካስ በዚያ ሳምንት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መልሰውት ኖሯል!

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ «ልጄን ከእንቅልፏ አላስነሣትም» ብዬ ቡናውን ወደ 11 ሰዓት አሻገርሁት። እርሷ ደግሞ «እናቴን አላስጠብቃትም» ብላ አንድ ሰዓት ቀድማ ተነሥታ በ10 ሰዓት ደወለች። ያገኘችኝም ሻሼን ሳላስር፣ ቡናውን ገና ስለቅም ነው። ሁለታችንም ጐናችንን እስኪያመን ሳቅን። በሰዓት ተላለፍን እንጂ በልብ አልተላለፍንም።

የሚያስቀው ብቻ ግን አይደለም። የዚያች ልጄ ልጅ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው፤ ይኸውም በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ቀን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሲሞላት እንደ ልማዴ በሚካኤል ዕለት ማታ ደወልሁ። ሕፃኒቱ ግን ፊቷን አዙራ «እምዬ፣ ረሳሽኝ፤ ልደቴ ትናንት ነበር» አለችኝ። ይህች ቃል እንደ እሾኽ ወጋችኝ። በሩቅ አገር ያለ የልጅ ልጅን በእቅፍ ማባበል አይቻልም፤ ያለን ነገር ድምፅና ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ቀጠሮውም ከፈረሰ ምን ይቀራል?

ነገሩን ስንመረምረው የጳጕሜን ሥራ ሆኖ ተገኘ። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጕሜን 6 ቀን ሆነች። ስለዚህ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መዋሉ ቀርቶ በ12 ዋለ፤ ኅዳር 12ም በዚያው መጠን አልፎ በእነርሱ 22 ላይ ወደቀ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ይህን ሁሉ በጣቶቼ እየቈጠርሁ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ልደት አለኝ ማለት ነው?» አለች። «አዎን የኔ ልጅ፤ አንዱ በእናትሽ ቤት፣ አንዱ በአያትሽ ቤት» አልኋት። በዚህም ታረቅን። አሁን በ2020 ዓ.ም. የሚደፋላትን ሁለተኛውን ድፎ ዳቦ ትጠባበቃለች።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ለእኛ ለሽማግሌዎች ሰዓትና ቀን ስትነግሩን «በእኛ ነው፣ ወይስ በእነርሱ?» የምትለዋን ቃል አትርሱብን። እናንተም እንደ እኔ ያላችሁ አያቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን ልደት በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከግድግዳው ላይ ለጥፉት። ማስታወስ እንኳ የሚጠቅመው በሰዓቱ ሲደርስ ነውና።

ለዛሬ ይብቃኝ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የዋሽንግተኑም ሰዓት ልጄ የምትነሣበት ጊዜ መድረሱን ስለሚያመለክት ቡናዬን ልቁላ።