ኀይልና አደራ፦ የአገልግሎት ጥሪ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥12

መግቢያ

አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በሚሾምበት ዕለት ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። ሥራውን የሚሸከምበትን ኀይል ከየት ያገኛል? ለሥራው የታመነውስ በምን መሠረት ነው? በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥12 ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመልሰዋል። ጳውሎስ በዚያ ቁጥር ክርስቶስን የሚያመሰግነው ስላበረታው፣ እንደሚታመን ሰው ስላየው፣ ለአገልግሎትም ስላቆመው ነው። የመልእክቱን ጸሐፊ ማንነት በተመለከተ በምሁራን መካከል ሰፊ ክርክር አለ፤ ይህ ጽሑፍ ግን ወደዚያ ክርክር ሳይገባ በመልእክቱ ውስጥ የሚናገረውን ጳውሎስ ይከተላል።

ይህን ቁጥር ለብቻው የሚያነብ ሰው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሹመትን ቀድሞ ለታየ ታማኝነት የተከፈለ ዋጋ አድርጎ ማየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የሾመኝ እግዚአብሔር ነው» በማለት ከሰው ጥያቄ በላይ መሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ቁጥሩ በዐውዱ ሲነበብ ሁለቱንም እንደማይፈቅድ ማሳየት ነው።

ታማኝነት ከምሕረት በኋላ

ከቁጥር 11 እስከ 16 ባለው ክፍል የግሪክኛው ጽሑፍ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላትን በየቁጥሩ ይደጋግማል። ጳውሎስ ወንጌልን በአደራ ተቀበለ (11)፤ ታማኝ ተባለ (12)፤ ቀድሞ ያደረገውን ባለማመን አደረገ (13)፤ ጸጋ ከእምነት ጋር በዛለት (14)፤ ቃሉ የታመነ ነው (15)፤ እርሱም በኋላ ለሚያምኑት ምሳሌ ሆነ (16)። አማርኛም «አመነ» ከሚለው ግስ ታማኝ፣ እምነት፣ አለማመን እና የታመነ የሚሉትን ቃላት ስለሚያወጣ ይህን ድግግሞሽ በአብዛኛው ያሳያል። «አደራ» የሚለው ቃል ብቻ ከሌላ ሥር በመሆኑ የአማርኛ አንባቢ በቁጥር 11 እና 12 መካከል ያለውን ዝምድና ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል። በግሪክኛው ግን «በአደራ ተሰጠኝ» እና «ታማኝ» የአንድ ቤተ ሰብ ቃላት ናቸው።

የቃላቱ ቅደም ተከተል ለትርጓሜው ወሳኝ ነው። ታማኝ የተባለው ሰው በሚቀጥለው ቁጥር ራሱን ተሳዳቢ፣ አሳዳጅና ግፈኛ ይላል። ስለዚህ በቁጥር 12 የተነገረው ታማኝነት ከሹመቱ በፊት የተመዘገበ መልካም ታሪክ ሊሆን አይችልም። «ባለማወቅ አደረግሁት» ማለቱም በደሉን ወደ ብቃት አይለውጠውም፤ በቁጥር 15 ከኀጢአተኞች ዋነኛ መሆኑን ያለ ማመካኛ ይናዘዛልና። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥25 ታማኝ መሆኑን ከጌታ ካገኘው ምሕረት ጋር ማያያዙ ይህንኑ ንባብ ይደግፋል። ምሕረቱ ቀደመ፤ ታማኝነቱ ተከተለ።

ኀይሉ ለማን ነው?

«አበረታ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው የግሪክኛ ግስ «ኤንዱናሞኦ» በሌሎች ክፍሎችም ስለ ጳውሎስ ተነግሯል። በሐዋርያት ሥራ 9፥22 ሳውል በደማስቆ እየበረታ ሲሄድ ይታያል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥17 ደግሞ ሰዎች በተለዩት ጊዜ ጌታ በአጠገቡ ቆሞ ያበረታዋል፤ የብርታቱም ዓላማ ስብከቱ እንዲፈጸምና አሕዛብ እንዲሰሙ ነው። በሁለቱም ስፍራ ኀይሉ ለባለቤቱ ክብር የተሰጠ ሀብት አይደለም፤ ለተሰጠው ሥራ የተመጠነ ስንቅ ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥12 ጥሪው «ዲያኮኒያ» ማለትም አገልግሎት መባሉም ከዚህ ጋር ይስማማል።

አደራ እና ተጠያቂነት

በእኛ ባህል አደራ የተቀበለ ሰው የዕቃው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱ በጠየቀው ቀን መመለስ አለበት። «አደራ በላ» የሚለው ስድብ ከባድ የሆነውም ስለዚህ ነው። መልእክቱም አገልግሎትን በዚሁ መንገድ ያየዋል፤ በ6፥20 ጢሞቴዎስ የተሰጠውን አደራ እንዲጠብቅ ይታዘዛል።

ስለዚህ በጸጋ መሾም ከመመርመር ነጻ አያወጣም። ይኸው መልእክት አዲስ አማኝ ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሆን (3፥6)፣ ዲያቆናት አስቀድመው እንዲፈተኑ (3፥10)፣ እጅ በችኮላ እንዳይጫን (5፥22) ያዝዛል። በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲታይ፣ በኀጢአት የሚኖሩትም በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ ያዝዛል (5፥19-20)። አንድ መልእክት በምዕራፍ 1 ስለ ምሕረት፣ በምዕራፍ 3 እና 5 ስለ ምርመራ መናገሩ እርስ በርሱ መጋጨት አይደለም። ሹመቱ ከምሕረት የመነጨ በመሆኑ ማንም ሊመካበት አይችልም፤ የተሰጠው ነገር የሌላ በመሆኑም ማንም አልጠየቅም ሊል አይችልም።

ማጠቃለያ

ኀይል፣ አደራና ታማኝነት በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-2 ዳግመኛ አብረው ይገኛሉ። ጢሞቴዎስ በጸጋ እንዲበረታ፣ የሰማውንም ሌሎችን ማስተማር ለሚችሉ ታማኝ ሰዎች በአደራ እንዲሰጥ ይታዘዛል። የጳውሎስ ጥሪ በዚህ ለቀጣዩ ትውልድ ሥርዓት ይሆናል። ከዚህም ለአገልጋዮች ሥልጠና ሁለት ነገር ይከተላል። ያለፈ ሕይወቱ የሚያሳፍረው እጩ በዚያ ብቻ ከጥሪው እንደ ተቈረጠ ሊቈጠር አይገባም። የተሾመውም «እግዚአብሔር ሾሞኛል» የሚለውን ቃል የመታዘዙ ምክንያት እንጂ የመሸሸጊያው ቅጥር ሊያደርገው አይገባም። የጳውሎስ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው በምስጋና ነው፤ የሚያመሰግን ሰው ደግሞ የያዘው ነገር የተሰጠው መሆኑን ያውቃል።