«እጠብ» እና «ታጠብ»፦ የፈረንሳይኛው «ሰ» እና የእኛው «ተ»

ደቡብ ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ቆማችኋል እንበል። አንዲት እናት ልብስ ይዛ ከልጇ ጋር ወደ ውኃው መጥታለች። «እጠብ!» ብትለው እጁ ወደ ልብሱ ይሄዳል። «ታጠብ!» ብትለው ግን ሸሚዙን ያወልቃል። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ ግራ የሚገባው ልጅ ግን የለም።

ፈረንሳይኛ ስትማሩ ብዙ ተማሪ የሚያስጨንቀው ነገር ይኸው ነው። «ላቭ!» ማለት «እጠብ!» ነው፤ «ላቭ ቷ!» ማለት «ታጠብ!»። አስተማሪዎች እንዲህ ያሉትን ግሦች «ቬርብ ፕሮኖሚናል» ይሏቸዋል፤ ድርጊቱ ዞሮ ወደ አድራጊው ሲመለስ ከግሡ ፊት አንዲት ትንሽ ቃል ትገባለች። መዝገበ ቃላት ውስጥ «ሰ» ተብላ ተጽፋ ታገኟታላችሁ፦ «ላቬ» ማጠብ፣ «ሰ ላቬ» መታጠብ። (ፈረንሳይኛውን እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፌዋለሁ።)

ብዙ ልጆች «ሰ» ያለባቸውን ግሦች ዝርዝር በቃላቸው ለመያዝ ይታገላሉ። እስቲ ቆዩ፣ ግማሹን እኮ ታውቁታላችሁ! ተነሳ፦ «ሰ ለቬ»። ተደበቀ፦ «ሰ ካሼ»። ተላጨ፦ «ሰ ራዜ»። ተሳሳተ፦ «ሰ ትሮምፔ»። እርስ በርስ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ጓደኛሞች ተያዩ ስንል «ተ» አለች፣ ፈረንሳይኛውም «ኢል ሰ ርጋርድ» ብሎ «ሰ»ን ያመጣል። «ታጠበ» ውስጥ «ተ» የት አለች ካላችሁ፣ «ተ» እና «አጠበ» ሲገጣጠሙ «ታጠበ» ሆነው ነው።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ልመዱ። የእኛ «ተ» አትለዋወጥም፤ ማን እንደሆነ የሚነግረን የቃሉ መጨረሻ ነው፦ ታጠብኩ፣ ታጠብሽ፣ ታጠበች። የፈረንሳይኛዋ ቃል ግን ከባለቤቱ ጋር ትቀያየራለች፦ «ዠ መ ላቭ» (እታጠባለሁ)፣ «ቱ ተ ላቭ»፣ «ኤል ሰ ላቭ»፣ «ኑ ኑ ላቮን»፣ «ቩ ቩ ላቬ»። ጀማሪ አማርኛ ተናጋሪ «ዠ ሰ ላቭ» የሚለው «ሰ»ን እንደ «ተ» የማትነቃነቅ አድርጎ ስለሚያስባት ነው። (ሁለተኛው ላይ ያለችው «ተ» ከእኛዋ ጋር የተመሳሰለችው በአጋጣሚ ነው፤ ዘመዳሞች አይደሉም።)

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ወደ ሐይቁ እንመለስና፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «ልጁ ታጠበ።» «ልብሱ ታጠበ።» ግሡ አንድ ነው። ልብሱ ራሱን እንዳላጠበ ግን ማንም ያውቃል። ፈረንሳይኛው እዚህ ላይ መንገዱን ይለያል፤ ልጁ «ሴ ላቬ»፣ ልብሱ «አ ኤቴ ላቬ»። ይባስ ብሎ፣ ልጁ የሁለት ዓመት ሕፃን ቢሆንስ? «ልጁ ታጠበ» ስንል ያጠበችው እናቱ ልትሆን ትችላለች። አማርኛው ምንም አይከፋውም። ፈረንሳይኛው ግን ማን እንዳጠበው ሳታውቁ አንድ እርምጃ አያስኬዳችሁም።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። «ተ» የምትነግረን ድርጊቱ ማን ላይ እንዳረፈ ነው፤ አድራጊው ራሱ ይሁን ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ አትናገርም። «ሰ» ግን በዋናው ሥራዋ የምትለው አድራጊውና ድርጊቱ ያረፈበት አንድ ናቸው ነው።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ ይህ በደንብ ይታያችኋል። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ብትሉ መቀሱን የያዘው ፀጉር አስተካካዩ እንደሆነ ሁሉም ይረዳል። ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ ወስዳችሁ «ዠ መ ስዊ ኩፔ ሌ ሸቨ» ካላችሁ ግን የሚሰማችሁ ሰው መስታወት ፊት መቀስ ይዛችሁ ይታየዋል። ትክክለኛው «ዠ መ ስዊ ፌ ኩፔ ሌ ሸቨ» ነው፤ «አስቆረጥኩ» እንደማለት። ሹሩባ ተሠራች፣ ጥርሱን ተነቀለ፣ መርፌ ተወጋሁ፤ ሁሉም ላይ ያው ጥያቄ አለ። ከመተርጎማችሁ በፊት «ማን ነው ያደረገው?» በሉ።

«ታዲያ በአማርኛ ራሱ ማድረጉን ለይቼ መናገር ብፈልግስ?» ትሉኝ ይሆናል። «ራስ» አለላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፦ «ራሱ ታጠበ» ሌላ ሰው አላጠበውም ነው፤ «ራሱን ታጠበ» ደግሞ ፀጉሩን ነው ያጠበው! አንዲት «ን» ሰውየውን ወደ ጭንቅላት ትለውጠዋለች። ውኃው ላይ ጎንበስ ብሎ «ራሱን አየ» ስንል ግን መላ ሰውየውን ነው። ጭንቅላትን የሚያመለክት ቃል «እኔነትን» ለመግለጽ መዋሉ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሃውሳ፣ ጆርጂያኛና ባስክኛም «ራስ» በሚለው ቃላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ፈረንሳይኛ ግን «ኢል ሰ ቯ» ብሎ በ«ሰ» ብቻ ይጨርሰዋል።

የማይገጥሙም አሉ። ለበሰ «ተ» የላትም፤ ፈረንሳይኛው ግን «ሰ ኣቢዬ» ነው፣ ሲነገር «ሳቢዬ»። ምክንያቱ ደስ ይላል፦ አማርኛ መልበስን ከጅምሩ በራስ ላይ አድርጎ ያየዋል፣ ሌላውን ስናለብስ ነው «አለበሰ» ብለን የምንጨምረው። ፈረንሳይኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ መነሻው ማልበስ ሲሆን፣ ለራስ ሲሆን ይጨመርበታል። ነቃም እንዲሁ «ሰ ሬቬዬ» ነው። በተቃራኒው ተማረ፣ ተናገረና ተጫወተ «ተ» ቢኖራቸውም ፈረንሳይኛው «ሰ» አይፈልግም። እነዚህን መቼም በቃል መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

በኃላፊ ጊዜ ደግሞ ረዳት ግሡ ይቀየራል። ልብስ ያጠበች ሴት «ኤል አ ላቬ» ስትባል፣ የታጠበችው «ኤል ሴ ላቬ» ትባላለች፤ «አ» የመጣው «አቯር» ከሚለው ግሥ፣ «ሴ» ደግሞ «ሰ» ከ«ኤትር» ጋር ተጣምራ ነው። «እጇን ታጠበች» ለማለት «ኤል ሴ ላቬ ሌ ማን» ይበቃል። አማርኛው «እጇን» ብሎ የማን እጅ እንደሆነ ሲናገር፣ ፈረንሳይኛው «እጆቹን» ብቻ ብሎ ያልፋል፤ ባለቤቷን «ሰ» ነግራናለችና።

አሁን እናንተ ሞክሩ፦ «ልጆቹ አርዲቦ ዳር ተገናኙ፤ ገላቸውን ታጠቡ፤ ልብሳቸውም ታጠበ።» ከሦስቱ ግሦች «ሰ» የሚገባቸው ሁለቱ ናቸው።