«መርፌ ጀመረ አሉ»

«መርፌ ጀመረ አሉ» ይባላል፤ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ከንፈር እየተመጠጠ። ስለ ስኳር በሽታ ከሚወሩት ሁሉ ሰውን አብዝቶ የሚያስጨንቀው ይህ ይመስለኛል፦ ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት።

እውነታው ግልባጩ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን በመጀመሪያ የተወጋው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው መርፌውን የሚጀምረው ዘግይቶ፣ ኩላሊቱ ወይም እግሩ ከተጎዳ በኋላ ነው። ጎረቤት መርፌውንና የተቆረጠውን እግር ያያል፤ ስኳሩ ከፍ እንዳለ ያለፉትን ዓመታት ግን ማን አየ? በዓይነት 2 ስኳር የቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅም እየዋለ እያደረ ይዳከማል፤ መርፌው የጎደለውን ይሞላል። የታማሚው ስንፍና ማረጋገጫ አይደለም።

በጥናቶች «ስኳሬ ኑሮዬን ያበላሸዋል፣ በእጄም አይደለም» የሚሉ ሰዎች ጭንቀታቸው ከሌሎቹ በርትቶ ይገኛል። የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ግን ያስቸግራል፤ የተጨነቀ ሰው ሕመሙም ይገዝፍበታል።

«ድንጋጤ ነው ያመጣብኝ» የሚሉም አሉ። ድንጋጤ ብቻውን የስኳር በሽታ አያመጣም፤ በዚያን ጊዜ የሚለቀቁት እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች ግን የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ተደብቆ የኖረው ሊገለጥ ይችላል። ይህን እምነት በተግሣጽ ማፍረስ አልወድም፤ «በአፌ አመጣሁት» ብሎ ራስን ከመውቀስ ለልብ ይቀላል። አደጋው ድንጋጤው ሲያልፍ ስኳሩም ያልፋል ብሎ መድኃኒት ማቆም ነው።

በስኳሩ የተማረረ ሁሉ ድብርት ይዞታል ማለትም ስሕተት ነው። ቦስተን በሚገኘው የጆስሊን የስኳር ሕክምና ማዕከል ተዘጋጅቶ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ስለ ምግብ የሚሰማን ጸጸት፣ የነገን ፍርሃት፣ መሰልቸትን ይጠይቃል። ከ100 ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጭንቀቱ ከባድ ነው ይባላል፤ ሰውየው ግን ስለ ልጁ ሠርግ ሲያወራ ፊቱ ሊበራ ይችላል። ድብርት ያንን ደስታም ይወስዳል። ፈውሳቸውም ይለያያል፤ ለስኳሩ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚበጀው ስለ ስኳሩ ራሱ ማውራት ነው።

ሐኪሙ ካልጠየቀ ታማሚው ይጀምር፤ «ስኳሬ 180 ነው» ካለ በኋላ «መርፌም እፈራለሁ፣ ደግሞም ሰልችቶኛል» ይበል።