የክረምት ጭቃና የበግ ሰኮና

በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች በግ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ባንክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ድንገተኛ ሕመም ሲመጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ገበያ ከሚወርድ በግ ነው። ዋጋው የሚያምረውም ዐውደ ዓመት ሲቃረብ ነው። ይሁንና ከዐውደ ዓመቶቻችን መካከል ሁለቱ፣ ማለትም እንቁጣጣሽና መስቀል፣ የሚውሉት ክረምቱ በጎቹን ለሦስት ወራት ያህል በጭቃ ውስጥ ካቆየ በኋላ ነው። የሚያነክስ በግ ከመንጋው ወደ ኋላ ስለሚቀር እንደ ልቡ አይግጥም፤ ይከሳል፤ ገበያ ቢደርስም ገዥው እግሩን አይቶ ዋጋውን ይቀንስበታል።

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ በግ እግር ሊጽፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በጎችን ከሚያነክሱ ሕመሞች ዋነኛው የሆነው የሰኮና መበስበስ ጠባዩ በእጅጉ የሚወሰነው በእርጥበት፣ በሙቀትና በሥርገት ነው። እነዚህ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኛቸው ጉዳዮች ናቸው። ሕጎቹን የተረዳ ተማሪ ሕክምናው ለምን አንዳንድ ጊዜ እንደሚሠራ፣ ለምንስ አንዳንድ ጊዜ እንደማይሠራ ሊያስረዳ ይችላል።

በሽታው ምንድን ነው?

የሰኮና መበስበስ ዋነኛ መንሥኤ ዲኬሎባክተር ኖዶሰስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የበሽታውን መንሥኤ ለይቶ ያሳወቀው አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ቤቨሪጅ ሲሆን፣ ጥናቱም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅንን የማይወድ ከመሆኑም በላይ ከእንስሳ እግር ውጭ ለረጅም ጊዜ መኖር አይችልም። ብቻውንም አይሠራም። በፍግና በአፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ያግዘዋል።

የሕመሙ ሂደት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በቅድሚያ በሁለቱ የሰኮና ክፋዮች መካከል ያለው ቆዳ በእርጥበት ይርሳል፤ ይላላል። ከዚያም ቆዳው ይቀላል፤ ይላጣል። ባክቴሪያው እንደ ክር በቀጠኑ አካላቱ እየተጎተተ ወደ ውስጥ ይገባና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። በመጨረሻም ጠንካራው የሰኮና ቅርፊት ከሥሩ ካለው ሕያው ሥጋ ይላቀቃል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚወጣው ክርፋት በሽታውን ከሌሎች ለመለየት ይረዳል። የፊት እግሮቹ የታመሙበት በግ ብዙ ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲግጥ ይታያል።

ስለ ሕመሙ ክብደት ቀላል ስሌት እንሥራ። 30 ኪሎ ግራም የምትመዝን በግ በመሬት ላይ የምታሳርፈው ኃይል 300 ኒውተን ያህል ነው። ክብደቱ ለአራቱም እግሮች እኩል ተከፋፍሏል ብለን ብናስብ ለእያንዳንዱ 75 ኒውተን ይደርሰዋል። አንዱን እግር አንሥታ ስትቆም ግን የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 100 ኒውተን ይሸከማሉ። ይህም ማለት ጤነኞቹ እግሮች ሸክማቸው በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል ማለት ነው።

የሚያነክስ በግ ሁሉ ግን ሰኮናው የበሰበሰ አይደለም። እሾህ፣ ጠጠር፣ መግል የቋጠረ ቁስል ወይም ያለ ልክ ያደገ ሰኮና ሊያስነክሰው ይችላል። በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው አፍተግር ነው። ብዙ እንስሳት በአንድ ጊዜ ማነከስ ከጀመሩ፣ ትኩሳት ካላቸው፣ በአፋቸውና በሰኮናቸው መካከል ውኃ የቋጠረ ቁስል ከታየ ወይም የቤቱ ከብቶች ለሐጫቸው ከተዝረበረበ እንስሳቱን ሳያንቀሳቅሱ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ ይገባል።

ውኃ፣ አየርና ርቀት

ሰኮና የተሠራው እንደ ጥፍራችንና እንደ ጸጉራችን ሁሉ ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶችን አጥብቀው ከሚይዙት ኃይሎች አንዱ የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውኃ ወደ ውስጥ ሲሠርግ የራሱን ትስስር ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚፈጥር ቁሱ ይለሰልሳል። እጃችንን ለረጅም ሰዓት ልብስ ስናጥብ ጥፍራችን እንደሚለሰልሰው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሠርገው በአየር ውስጥ ከሚሠርግበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል በዝግታ ነው። ከዚህም በላይ ለሥርገት የሚያስፈልገው ጊዜ ከርቀቱ ጋር ሳይሆን ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። በመሆኑም በሰኮናው መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ፣ ኦክስጅን ወደ ቆዳው ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ 10 እጥፍ ሳይሆን 100 እጥፍ ይሆናል። ያ የታፈነ ቦታ ኦክስጅንን ለማይወደው ባክቴሪያ ምቹ መኖሪያ ነው። ውኃ ይዞ የሚቆየው መረሬ አፈር ለበጎች እግር ጠላት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። በሽታው ከበግ ወደ በግ በቀላሉ የሚዛመተው መሬቱ እርጥብ ሆኖ የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲበልጥ ነው። በአውሮፓ የክረምቱ ብርድ የበሽታውን መዛመት ይገታዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ግን አማካዩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ወሰን በላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር በሽታውን የሚገታው ብርድ ሳይሆን የበጋው ድርቀት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

ሕክምናው

ለብዙ ዘመን የተለመደው ሕክምና የተላቀቀውን የሰኮና ቅርፊት በቢላዋ ወይም በመቀስ ቆርጦ ቁስሉን ለአየር ማጋለጥ ነበር። ከላይ ከተገለጸው የሥርገት ሕግ አንጻር ሲታይ ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ስለማይወድ መንገዱን ማሳጠር ይጠቅማል ያሰኛልና። ነገር ግን በሳይንስ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ሰኮናቸው ሳይቆረጥ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ የተወጉ በጎች ሰኮናቸው ከተቆረጠው ይልቅ ፈጥነው ድነዋል። መቁረጥ ሕያውን ሥጋ ስለሚጎዳ ፈውሱን ያዘገያል። ቢላዋውም ካልጸዳ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

መርፌው የሚሠራበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ከውጭ የሚቀባ መድኃኒት ወፍራሙን ቅርፊት አልፎ መሥረግ አለበት፤ በደም የሚሄደው ግን ከውስጥ በኩል ቁስሉ ድረስ ይመጣል። የመድኃኒቱ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም የያዘው ዓይነት ከሆነ 30 ኪሎ ግራም ለምትመዝን በግ 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መርፌውን መውጋት ያለበት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። መጠኑን አሳንሶ መስጠት መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል። በመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልቅም በጉ መታረድ የለበትም፤ ለዐውደ ዓመት የሚሸጥ በግ ከሆነ ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር ያሻል።

የእግር ማጠቢያ

ቅርፊቱ ገና ላልተላቀቀ፣ ቆዳው ብቻ ለቀላ በግና ለመከላከል የሚረዳው የእግር ማጠቢያ ነው። ተስማሚው ኬሚካል 10 በመቶ የዚንክ ሰልፌት ብጥብጥ ነው። 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገንዳ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሞላ 20 ሊትር ይይዛል፤ ለዚህም 2 ኪሎ ግራም ዚንክ ሰልፌት ያስፈልጋል። በጎቹ እግራቸው በውኃ ከታጠበ በኋላ ለ10 ደቂቃ ያህል በገንዳው ውስጥ ይቆማሉ፤ ከዚያም እግራቸው እስኪደርቅ ድረስ በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆያሉ። ጭቃው ሳይታጠብ ወይም ከገንዳው ወጥተው በቀጥታ ወደ ጭቃ ከተመለሱ ድካሙ ከንቱ ነው።

ኮፐር ሰልፌትም ባክቴሪያውን ይገድላል። ነገር ግን በግ ከሌሎች የቤት እንስሳት ይልቅ በመዳብ በቀላሉ ትመረዛለች። መዳቡ በጉበቷ ውስጥ ስለሚከማች ብጥብጡን መጠጣት ሊገድላት ይችላል። በአጠቃላይ ከአገልግሎት የተረፈውን ማንኛውንም ብጥብጥ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም።

ድሉ ያለው በበጋ ነው

አሁን ወደ ድርቀቱ እንመለስ። ባክቴሪያው በግጦሽ ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ከዚያ ሊያልፍ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። በደረቁ የበጋ ወራት ታዲያ የሚሸሸገው የት ነው? ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ጥቂት በጎች ሰኮና ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ወረርሽኝ የሚነሣው ከእነዚህ ነው።

የፊዚክስ ተማሪዎች የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደትን ያስታውሳሉ። እያንዳንዱ ክስተት በአማካይ ከአንድ በላይ ሌላ ክስተት ካስከተለ ሂደቱ ይቀጣጠላል፤ ከአንድ በታች ከሆነ ይከስማል። በክረምት አንድ የታመመ በግ ብዙዎችን ይይዛል፤ በበጋ ግን መተላለፉ ይቆማል ማለት ይቻላል። እኛ በጎቻችንን የምናክመው ሲያነክሱ፣ ማለትም ሰንሰለቱ በሚቀጣጠልበት ወቅት ነው። በሽታውን ከመንጋው ለመንቀል የሚመቸው ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የእያንዳንዱን በግ አራት እግሮች መመርመር፣ የታመሙትን ለይቶ ማከም፣ ተደጋግሞ ቢታከምም ያልዳነውን ከመንጋው ማስወጣት ያስፈልጋል።

ይህ ከንቱ ተስፋ አለመሆኑን የኔፓል ምሳሌ ያሳያል። በዚያች ተራራማ አገር በዝናሙ ወራት ወደ ከፍተኛ ሜዳዎች የሚወጡ የበግና የፍየል መንጋዎች በዚሁ በሽታ ይጠቁ ነበር። የአካባቢው የባክቴሪያ ዝርያዎች ተለይተው ለእነርሱ የተዘጋጀ ክትባት ከተሰጠ በኋላ አደገኛው ዓይነት ከአካባቢው መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ክትባቱ የሠራው ከዝርያው ጋር ስለተስማማ ነው። በጮቄ ግርጌ ያሉት ዝርያዎች የትኞቹ ናቸው የሚለው ጥያቄም ለእንስሳት ሳይንስና ለባዮሎጂ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ይሆናል።

ከዚህ ጎን ለጎን ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች አሉ።

1. ከገበያ የተገዛን በግ ለአራት ሳምንታት ለብቻ ማቆየትና እግሩን በየጊዜው ማየት።
2. የበረቱን ወለል በጠጠር ደልድሎ በእያንዳንዱ ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ በዙሪያው ቦይ መቅደድ፣ ፍጉን በየቀኑ መጥረግ።
3. በክረምት ከረግረግና ከጨፌ ይልቅ ውኃ በማይቋጥር ተረተር ላይ ማገድ። ይህ ከጉበት ትልም ያድናል።
4. በጎች በሚሰበሰቡበት የበረት በርና የውኃ መጠጫ ላይ ድንጋይ ማንጠፍ።

የግጦሽ መሬቱ የወል በሆነበት ቀበሌ አንድ አርሶ አደር ብቻውን ቢጠነቀቅ የጎረቤቱ በግ በሽታውን ይመልስበታል። ስለዚህ የበጋው ምርመራ እንደ አጨዳው ሁሉ በወንፈል ቢሠራ ይበጃል። በክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቻችሁ የምትመለሱ ተማሪዎችም የትኞቹ በጎች እንዳነከሱ፣ በየትኛው እግር፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን በደብተር መዝግቡ። ያ መዝገብ በታኅሣሥ ወር ቤተሰባችሁ ምርመራውን ከየትኛው በግ እንደሚጀምር ያመለክታል።