የጣና ዳር መንገድና የዓሣው መንገድ

አገራችን ዛሬ የጨው ባሕር ወደብ ባይኖራትም የጣና ዙሪያ ሰው ጣናን «ባሕር» እያለ ይጠራዋል። ስለዚህ በዕረፍቱ ቀን የባሕር ጠረፍ ጉዞ የሚያምረው ተማሪም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሩቅ አገር መመኘት አያስፈልገውም፤ ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይበቃዋል።

ጉዞው የሚጀመረው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ ነው። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም የተመረቀውን፥ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲጓዙ ባሕሩ በስተግራ ይቀራል። ይሁን እንጂ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን አያለሁ የሚል መንገደኛ ምኞቱ አይሞላለትም፤ በአስፋልቱና በባሕሩ መካከል ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷልና። ባሕሩን ለማየት ከመኪና መውረድና በእግር መሄድ ግድ ነው።

30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ በደራ ወረዳ ያለችው ሐሙሲት ትገኛለች። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ወደ ባሕሩ የወረደ ሰው ቆራጣን ያያል። ቆራጣ በቀድሞ ዘመን ስሟ የታወቀ የንግድ ከተማ ነበረች፤ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1866 ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጣ ጊዜ የሰነበተው በዚህች ከተማ ነበር። በጣና ዳርቻ የሚታየው የደንገል ታንኳም ሊመረመር የሚገባው ጥበብ ነው። ምስማር የለበትም፤ ደንገሉ እየታሰረ ይሠራል፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ከሐሙሲት አልፎ የጉማራን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ ፎገራ ሜዳ ይገባል። ይህ ሜዳ በወተት ላሞቹ የታወቀ ሲሆን፥ በ1970ዎቹ ዓ.ም ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ርዳታ ሩዝ ተሞክሮበት ዛሬ የአገሩ ሰው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል። በሜዳው ላይ የሚገኙት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ደግሞ የወፍ አገር ናቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ በፈረንጅ ስማቸው ክሬን የሚባሉ፥ እግራቸውና አንገታቸው የረዘመ አመድማ ወፎች ከሰሜን አውሮፓ እየመጡ በዚህ ይከርማሉ። በኢስቶኒያ አገር ምልክት የተደረገባቸው ሳይቀሩ እዚህ ድረስ መምጣታቸው ታውቋል። ወፍ ለማየት የሚወድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ በእግሩ ይሂድ። ነገር ግን ብልሃርዚያ ስላለ ዋና አይዋኝ፤ ወባ ስላለ ያለ አጎበር አይደር። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያትም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቆ ይረዳ።

ወረታ ሲደርሱ ምግብ ያምራል። የጣና ዓሣ በጥብስም፥ በጎላሽም፥ በዱለትም፥ በወጥም ይቀርባል። ብዙው ሰው «ዓሣ» ብቻ ብሎ ያዝዛል እንጂ የትኛው ዓሣ እንደ ሆነ አይጠይቅም። በገበያው ላይ ግን ሦስት ዓይነት ዓሣ ይገኛል፤ ይኸውም ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሦስተኛው ነው።

ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በጣና 15 የሚሆኑ፥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዓይነቶች አሉት። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የወገናቸው ዓሣ ሁሉ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሲሆን እነርሱ አዳኝ መሆናቸው የዓለምን ሊቃውንት አስደንቋል። ከ15ቱ ግማሽ የሚሆኑት ግን በባሕሩ ውስጥ እንቁላላቸውን አይጥሉም። ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ፥ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፥ ጉማራንና ርብን የመሳሰሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጡና ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይራባሉ። እንግዲህ መንገደኛው በጉማራና በርብ ድልድዮች ላይ ሲያልፍ ሌላ መንገድ እያቋረጠ ነው፤ በላይ የሰው መንገድ፥ በታች የዓሣው መንገድ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከተጀመረ ወዲህ፥ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ብዙ ዓሣ በአንድ ሌሊት የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። እንቁላል የያዘችው እናት ከነልጆቿ ተያዘች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ምርመራ የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታውቋል። ከዚያም ወዲህ ከወንዞቹ አሸዋ መዛቁ፥ ለመስኖ ውሃ መሳቡ፥ በርብ ላይ ግድብ መሠራቱ የዓሣውን መንገድ ይበልጥ አጥብቦታል። በ2004 ዓ.ም መግቢያ ገደማ የታየው እምቦጭም በዳርቻው ላይ ተጨምሯል።

ለዚህ ሁሉ ዓሣ አጥማጁን ብቻ መውቀስ አይገባም። እርሱ ልጆቹን ያበላል፤ ገበሬውም ያለ መስኖ በዓመት ሁለት ጊዜ አያመርትም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን በክረምት ሌሊት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ወረቀት ብቻውን አያነሣውም። መረቡን የሚያዘረጋው ገበያው ነው፤ ገበያው ደግሞ እኛ ነን። በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ሲሆን፥ የፍልሰታ ጾም የሚውለው ነጭ ዓሣ ሽቅብ በሚወጣበት በነሐሴ ወር ነው።

ስለዚህ ምክሩ ቀላል ነው። በነሐሴና በመስከረም በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው አሳላፊውን «ይህ ምን ዓሣ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ነጭ ዓሣ እንደ ሆነም ይተወውና ለመራባት ወንዝ የማይወጣውን ቀረሶ ይዘዝ። አንድ ተማሪ ቢጠይቅ ምንም አይለወጥም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በየቀኑ አሥር መንገደኛ የሚጠይቀው ባለ ምግብ ቤት ዓሣ አቅራቢውን መጠየቁ አይቀርም። ለወጣቱ ሹም ደግሞ አደራው ከዚህ ይበልጣል፤ ነገ ስለ ግድብ፥ ስለ አሸዋ ወይም ስለ መስኖ የሚጻፈው ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ሲደርስ፥ ከድልድዩ በታች ሌላ መንገደኛ እንዳለ አስታውሶ ይፈርም።