ከሽርጥ በታች

ሱሪ ለጫማ ሰፊ ታላቅ ባለውለታ መሆኑን የተረዳሁት፥ በደሴ ከተማ ወስፌና መዶሻ ይዤ ብዙ ዘመን ከቆየሁ በኋላ፥ ሽርጥ የታጠቁ ደንበኞቼን እግር አስተውዬ ማየት በጀመርሁ ጊዜ ነው። ሱሪ እስከ ጫማው አንገት ድረስ ወርዶ የተጣመመውን ስፌት፥ የተረፈውን ማስቲሽ፥ የዘመመውን ተረከዝ ሁሉ እንደ መጋረጃ ሲከድንልን፥ ሽርጥ ግን ከባት በታች ያለውን እግር ገልጦ ስለሚተወው፥ ጫማው ብቻውን በዐውደ አደባባይ ይቆማል፤ ሰፊውም አብሮት።

ሽርጥ ስል የአዲስ አበባ አንባቢ ወጥ ቤት ሠራተኛ ከፊቱ የሚያንጠለጥለውን ጨርቅ እንዳያስብብኝ እሰጋለሁ። እኔ የምናገረው በቃሉ፥ በሐርቡ፥ በባቲና በከሚሴ ወንዶች ከወገባቸው ጠቅልለው፥ ጫፉን አጥፈው በመሸጎጥ ብቻ የሚያጸኑትን፥ አፋሮችም ሰነፊል የሚሉትን ልብስ ነው። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ የቆመ ሰው፥ ሽቅብ ሲመለከት ልዩ ልዩ ሕዝብ፥ ቁልቁል ሲመለከት ግን አንድ ማኅበር ያየ ይመስለዋል፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ከመኪና ጎማ የተቀደደ በረባሶ ወይም ኮንጎ ተጫምቶ ይውላልና። የከተማ ልጆች ይህን የድህነት ምልክት አድርገው ሲስቁበት እሰማለሁ፤ እኔ ግን በሙያዬ ከማውቀው የጫማ ዓይነት ሁሉ ለሽርጥ ከበረባሶ ይልቅ በልኩ የታሰበለት አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት ከሐርቡ የመጡ አንድ ሽማግሌ፥ ልጃቸው ለሰርጉ ቀን ያመጣላቸውን ጥቁር ባለማሰሪያ ቆዳ ጫማ በፌስታል ጠቅልለው ከደጄ ገቡ።

«ልጄ፥ ይህን አስፋልኝ» አሉኝ።

«አባቴ፥ ቢሰፋስ በሽርጥ ሊያደርጉት ነው?» አልኋቸው።

«ሱሪማ በስተርጅናዬ አልለምድም።»

እግራቸውን በወረቀት ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ስዞረው፥ በልጅነቱ ጫማ ያላወቀ እግር እንደሚሆነው ሁሉ፥ ጣቶቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው፥ ከፋብሪካ የሚወጣው ፎርማ በፍጹም ሊይዛቸው አልቻለም። ጫማውን መልሼ በፌስታሉ ጠቀለልሁትና ክፍት ጫማ ልሥራልዎ አልኋቸው፤ ለልጁ እንዳይነገር ቃል ካስገቡኝ በኋላ እሺ አሉ።

ከዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት መናዘዝ ይገባኛል። በጀማሪነቴ ዘመን ለአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ በሠራሁት ክፍት ጫማ ላይ፥ ለጌጥ ብዬ ትልቅ የነሐስ ዘለበት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አድርጌ ነበር። ሰውየው በሳምንቱ ተመልሶ የሽርጡን ጫፍ ያለ አንዲት ቃል ዘርግቶ አሳየኝ፤ እግሩን አጣጥፎ በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር የዘለበቱ ምላስ ጥለቱን እየያዘ፥ አንድ ስንዝር ያህል ክሩን አላልቶ ጎትቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘለበቱን ከቁርጭምጭሚት በታች፥ በውጭው ጎን፥ ትንሽና ክብ አደርጋለሁ።

ሌላው ነገር ውሃ ነው። ሽርጥ የሚታጠቀው ሰው በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ፥ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ በቀን እስከ አምስት ጊዜ እግሩን ይታጠባል፤ በገበያ የሚሸጠውም ርካሽ ጫማ ከውስጥ በኩል ካርቶን የተነጠፈበት ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ሙሴ በደብረ ኮሬብ አሣእኑን ከእግሩ እንዲያወልቅ ከታዘዘ ጀምሮ በተቀደሰ ስፍራ ጫማ ማውለቅ ለእኛ ለክርስቲያኖቹም ሥርዐታችን ነውና፥ ሳይጎነበሱ የማይፈታ ጫማ በወሎ ምድር ለባለቤቱ ዕዳ ነው።

በውጭ አገር ያለው የሽርጥ ወንድም፥ ቀሚስ መሰሉ የስኮትላንዶች ኪልት ነው፤ ከከተማችንም ጋራ የሚያገናኘው ታሪክ አለ። በሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋራ ደሴን ከኢጣልያ ጦር እጅ ያስለቀቀው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ፥ ከሻለቆቹ አንዱ ትራንስቫል ስኮቲሽ የሚባል፥ ልብሰ ክብሩ ይኸው ኪልት የሆነ ጦር ነበር። ስኮትላንዶች ከኪልት ጋራ የሚያደርጉት ጊሊ ብሮግ ምላስ የሌለው፥ ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚጠመጠም ጫማ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ረግረግ ሲሻገሩ የገባው ውሃ ወጥቶ እግር ቶሎ እንዲደርቅ ነው ይላሉ። ታዲያ የእነርሱ ጫማ ከቀሚስ መሰል ልብስ በታች ሲያምር፥ ያው ባለማሰሪያ ጫማ በእኛ ሽማግሌ እግር ላይ ለምን ያስጠላል ብዬ ብዙ አሰላሰልሁ። ምስጢሩ ካልሲው ነው። እነርሱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ስለሚያደርጉ፥ በልብሱና በጫማው መካከል ከጉልበቱ በቀር ባዶ ስፍራ የለም፤ የእኛ ባት ግን ዕራቁቱን ስለሆነ፥ ከበታቹ የተዘጋ ጥቁር ጫማ ሲመጣ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ የተቆረጠ ይመስላል። ክፍት ጫማ ቆዳውን በጠፍሮቹ መካከል ስለሚያሳይ እግሩን እስከ ጣቱ ያወርደዋል።

ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነችና ብርዱ ስለማይጸና፥ ባትን ገልጦ ክፍት ጫማ በማድረግ የሚከራከር የለም። ነገር ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ፥ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለችና፥ የጦሳ ተራራ ብርድ ሽርጥ የታጠቀውን ሰው ካልሲ ያስገዛዋል። እርሱም የሚገዛው አጭሩንና ስሱን፥ ከሁለት ቀን በኋላ ተጨማድዶ ከጫማው አፍ ላይ የሚወድቀውን ነው። ከዚህ የከፋ እይታ አላውቅም። የበረደው ሰው ጋቢውን ያስረዝም፤ አለዚያም እንደ ስኮትላንዱ እስከ ጉልበቱ ይሸፍን።

የሐርቡውን ሽማግሌ ጫማ ሶሉን ከመኪና ጎማ፥ ጠፍሩን በዘይት ከታሸ የበሬ ቆዳ አድርጌ ሠራሁት፤ ለክብረ በዓሉም ብዬ ቀለም ቀብቼ እስኪያንጸባርቅ ወለወልሁት። መጥተው አገላብጠው አዩት፥ ተጫምተውም ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት፥ ከዚያም ቅር ብሏቸው ቆሙ።

«ምነው አባቴ፥ ይቆነጥጥዎታል?»

«የለም፥ ተመችቶኛል። ግን እንዲህ እያበራ ጁምዓ መስጊድ ደጃፍ ላይ ትቼው ብገባ፥ ስወጣ የማገኘው ይመስልሃል?»

ጫማውን ተቀብዬ በአመድ አሸሁት፤ ከግራው ጠፍር ሥርም፥ እርሳቸው ብቻ የሚያውቁት አንድ የአረንጓዴ ክር ስፌት ጨመርሁበት።