በአንድ ጆንያ ሁለት ነቀዝ

የሱሉልታ ስንዴ ሰፌድ ላይ ሲበጠር እግሯን ሰብስባ የሞተች መስላ የምትንከባለል፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ጠቆር ያለች ነቀዝ አለች፤ አፏ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ወጥቷል። በሰበታና በቡራዩ ወፍጮ ቤቶች ጥግ፣ ዱቄት በተጠራቀመበት የምትርመሰመሰው ደግሞ ጠፍጣፋ፣ ቀላ ያለችና ኩምቢ አልባ ናት። ሁለቱንም ነቀዝ ብለን እናልፋለን፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው።

ባለኩምቢዋ ያልተነካ ፍሬ በስታ አንድ እንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን ከሰውነቷ በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። እጯ እግር የላትም፤ ፍሬውን ከውስጥ እየበላች እዚያው ታድጋለች። ሙቀቱ ከተስማማት በአምስት ሳምንት ገደማ ሸንቁራ ትወጣለች። ላዩ ደህና የሚመስል ስንዴ ውስጡ ቀፎ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጤፍን ያተረፈው ደቃቅነቱ ነው፤ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ውስጥ ማደጊያ ቦታ የለም። ጤፍን ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም የቆየ የገበሬ ዘዴ ነው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዟን መላወሻ ያሳጣታል። ይህን ያሰበ ሰው ለእኔ ትልቅ ተመራማሪ ነው።

ቀይዋ ደህና ፍሬ መብሳት ይቸግራታል። ስንጥርጣሪ፣ ባለኩምቢዋ የበሳችውን ፍሬና ዱቄት ትከተላለች። ጤፍም ከተፈጨ በኋላ መከላከያው ያበቃል። ስትበዛ የምትረጨው ኬሚካል ለዱቄቱ መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል።

ሁለቱም ውኃ ሳይጠጡ ይኖራሉ። ባለኩምቢዋ የምትተማመነው በእህሉ እርጥበት ነው፤ እህሉ በደንብ ከደረቀ መራባት ያቅታታል። ቀይዋ ግን በፊንጢጣዋ የአየሩን እርጥበት ትስባለች። የኮፐንሃገንና የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳዩት፣ በአንጀቷ መጨረሻ ዙሪያ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ጨው አከማችተው ውኃውን ከዓይነ ምድሯና ከአየር ይመጥጡላታል። ስለዚህ ማድረቅ ብቻውን አያሸንፋትም።

የእሷ ድካም ብርድ ነው፦ ከ20 ዲግሪ በታች አትራባም። ባለኩምቢዋ ሙቀቱ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ቢወርድም ትራባለች፤ በብርዳማው ሱሉልታ ጎተራ ይበልጥ የምታሰጋውም እሷ ናት። ደግሞም ነቀዞች ሲበዙ ትንፋሻቸው ክምሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋልም፤ ስለዚህ ብርዱም ድርቀቱም ብቻቸውን አይበቁም።

ብዙ ቤተሰብ ታዲያ የሚሮጠው ወደ ነቀዝ ክኒን ነው። ከክኒኑ የሚወጣው የፎስፊን ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይቀመጥ። ቀይዋ በብዙ አገሮች ጋዙን ተላምዳለች። አየር የማያስገባ ከረጢት ግን በደንብ ከታሰረ ሁለቱንም አፍኖ ይገድላል፤ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅን የሚጨርሱት ራሳቸው ናቸው።